የዱሶክ ዓለት

እኛ ዘንድ በዓመት አንድ ቀን ትምህርት ቤት የሚዘጋው ለሣር ነው። የስምንተኛው ወር ጨረቃ ስትወለድ ጄጁ ደሴት ላይ ያለ ሰው ሁሉ፣ አስተማሪው ሳይቀር፣ ማጭዱን ይዞ ወደ ዘመዶቹ መቃብር ይወጣል። ዝናቡ ያበቀለውን ሣር ያጭዳል፣ ለሙታኑ ሁለት ጊዜ በግንባሩ ተደፍቶ ይሰግዳል፣ ከዚያ እዚያው መቃብሩ ሥር ቁጭ ብሎ ሲበላና ሲጠጣ ይውላል። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። «እኔ የአያቴን አጨድኩ!» «እኔ የአጎቴንም ጭምር!» ጣቱን ማጭድ የቆረጠውማ ምኑ ይወራል! ጨርቁን እንደ ሜዳልያ ይዞት ይከርማል። እኔ ጣቴ ሁልጊዜ ደህና ነበር። የማጭድለት መቃብር አልነበረኝም።

አባቴ ዱሶክ ዓሣ አጥማጅ ነበር። እኔ ጡት ሳልጥል፣ ከጄጁ በጣም ርቀው ምሥራቁ ባሕር መካከል ከቆሙት ዓለቶች አጠገብ ጀልባው ተገለበጠች። ሬሳው አልተገኘም። እናቴ እንደ መንደሩ ሴቶች ሁሉ ጠላቂ ነበረች፤ ትንፋሿን ይዛ ባሕር ሥር እየገባች ቀንድ አውጣና የባሕር ቅጠል የምታወጣ። ስለ ድህነቷ አንድም ቀን ስታማርር አልሰማኋትም። ስምንተኛው ወር ሲመጣ ግን ሆድ ይብሳታል። «ሌላ ምንም አልጠየቅኩም» ትል ነበር ለጎረቤት፣ «ይቺ ልጅ የምትሰግድበት አንድ ቦታ ብቻ። ድንጋይም ይሁን።»

ሰባት ዓመት በሞላኝ ዓመት ትጠብቀኝ የነበረችው አያቴ አረፈች። እናቴ ደግሞ በየጸደዩ ከሌሎች ጠላቂዎች ጋር ወደነዚያው ዓለቶች ትሄድ ነበር፤ ሰው የማይኖርባቸው ስለሆኑ ቀንድ አውጣው አይነካም፣ እንደ ልብ ነው። እኔን የምትተውለት ሰው ስታጣ ይዛኝ ሄደች። እኔ ፈንድቄ ልሞት ደረስኩ፤ ከመንደራችን ልጆች እዚያ የደረሰ አልነበረማ።

የምናድረው ዋሻ ውስጥ ነበር። ከጣሪያው ጨው የሌለው ውኃ ጠብ ጠብ ይላል፤ በጋን እናጠራቅመዋለን። ደጁ ላይ የባሕር ቅጠሉ ተሰጥቶ ይደርቃል፣ የእኔ ሥራ ከወፎቹ መጠበቅ ነው። ወፎቹ ምን ያህል ናቸው አትበሉኝ፤ ድምፃቸው እርስ በርስ አያሰማም፣ ኩሳቸው ለራስም ለልብስም አይልም። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል ግን የእናቴን ፉጨት እለይ ነበር። ጠላቂ ከውኃ ስትወጣ የያዘችውን ትንፋሽ በከንፈሯ እያፏጨች ነው የምትለቀው፤ የእናቴ ቀጭንና ረጅም ነው። ያቺን ፉጨት ስሰማ ወፎቹን ማባረሬን እቀጥላለሁ። ስትዘገይ ሁሉን ነገር ትቼ ዳር ላይ እቆማለሁ።

አለቃችን እማማ ያንግ ነበሩ፤ ጥርስ የላቸውም፣ ሳምባ ግን ከሁሉም ይበልጣል ይባላል። ትንሿ ኪልጃ ነበረች፤ ያገባችው ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ነው፣ አማቷን ሳታነሳ ውላ አታድርም። እናቴን ሁሉም «የቦክሂ እናት» ይላታል። ቦክሂ እኔ ነኝ።

አቶ ናም የመጣው የባሕር ቅጠሉ ግማሹ ደርቆ ሳለ ነው። የምግብ እህል የምታመጣልን ጀልባ አወረደችው፤ ቀጭን፣ መነጽራም፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰውዬ። ከዋናው ምድር፣ ከመንግሥት ነው የተላከው። ኮምፓስ፣ ማስመሪያ፣ በቆርቆሮ ቱቦ የተጠቀለለ ትልቅ ወረቀት ይዟል።

«ካርታ ልሠራ ነው» አለ ሴቶቹን ሰብስቦ።

«ለማን?» አሉ እማማ ያንግ።

«ለአገር ነዋ! ጃፓኖቹ እኮ እነዚህን ዓለቶች የኛ ናቸው እያሉ ነው። ካርታ አላቸው። ካርታቸው ላይ ድንጋዩ ሁሉ በየስሙ ተጽፏል። እኛ ጋ ያለው ሁለት ነጥብ ነው። ነጥብ ይዘን ማን ፊት እንቆማለን? ስሙን እንኳ የማታውቁት ምናችሁ ነው ቢሉን ምን እንመልሳለን?»

«እኛ እንደሆንን ጃፓን ሲገዛንም ጠልቀናል፣ ጃፓን ሲሄድም ጠልቀናል» አለች ኪልጃ። «ቀንድ አውጣው ማንነታችንን አልጠየቀንም።»

ሴቶቹ ሳቁ። አቶ ናም ግን ለሳቅ የተፈጠረ ሰው አልነበረም። መነጽሩን ወለወለና ሕጉን ነገራቸው። አንድ ስም ካርታው ላይ የሚገባው ሦስት ሴቶች ለየብቻ ተጠይቀው አንድ ዓይነት መልስ ሲሰጡ ነው። ከዚያም በትንሿ ታንኳ ሄዶ ድንጋዩን በዓይኑ ካላየ፣ ዙሪያውን ካልለካ አይጽፍም። «እኔ ያላየሁትን ጽፌ አላውቅም፤ አንድ የውሸት ስም ከተገኘብን ካርታው በሙሉ ገደል ገባ» አለ።

ጉዱ የፈላው ከዚያ በኋላ ነው። ኪልጃን ወስዶ «ያ ሹል ድንጋይ ምን ይባላል?» ሲላት «የአማቴ አፍንጫ» አለችው። እማማ ያንግን ሲጠይቅ «ጉማሬ ዓለት» አሉት፤ ጉማሬ ምን እንደሚመስል እሳቸውም አያውቁም። ሌላዋ «ኧረ እኔ ስም እንዳለውም አልሰማሁ» አለች። አቶ ናም በእርሳስ ይጽፋል፣ በላጲስ ያጠፋል። ሁለተኛው ቀን ላይ ወረቀቱ ሊቀደድ ደረሰ።

«ምነው እናንተ ሴቶች? አንዱን ድንጋይ በአምስት ስም ነው የምትጠሩት?»

«ባሕር ነው ጌታዬ፣ ይዘበራረቃል» ይሉታል እማማ ያንግ በየዋህ ፊት።

እኔ ያኔ የመሰለኝ ሴቶቹ ስሞቹን የረሱ ነው። አፍሬላቸው ነበር። ኋላ እኔም ጠላቂ ስሆን ነው የገባኝ፤ ጠላቂ የድንጋይ ስም ለባዕድ አትሰጥም። ከየትኛው ድንጋይ ሥር ምን እንደሚገኝ የሚነገረው በስሙ ነው። ስሙን ሰጠህ ማለት ጓዳህን ከፈትህ ማለት ነው፤ ያውም ለመንግሥት!

እናቴ ብቻ አልቀለደችም። አንድ ምሽት እሳቱ ዳር ስንሞቅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው። እኔ ከጎኗ ድንች እየላጥኩ ጆሮዬን ጣል አድርጌያለሁ።

«ጌታዬ፣ ሦስት ሰው ከመሰከረ ስሙ ይገባል ማለት ነው?»

«ይገባል።»

«ከገባ በኋላስ የሚያወጣው አለ?»

«ማን ያወጣዋል? አንዴ በቀለም ከተጻፈ የዘላለም ነው። መንግሥት ራሱ ይጠብቀዋል።»

እናቴ ፊቷ ቀላ። እማማ ያንግ አዩዋትና እሺ እንደማለት በትንሹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ኪልጃ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

የያዝኩት ድንች ከእጄ ወደቀ። ኪልጃ ስታገባ ያየሁት እኮ ይኼው ነው! ምስክሮች ቀረቡ፣ የባልና የሚስት ስም መዝገብ ገባ፣ የዘላለም ይሁን ተባለ፣ ኪልጃ ፊቷ ቀላ። ነገሩ ወለል አለልኝ። እናቴ ይህን መነጽራም ልታገባው ነው፤ የአባቴን ስም ከቤታችን አውጥተው የእሱን ሊያስገቡ ነው። ደሜ ፈላ። መቃብር የለውም ያሉት ሳያንስ ስሙንም ሊነጥቁት!

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና አቶ ናም ጠላት ሆንን፤ እሱ አልሰማም እንጂ። ከረሜላ ሲሰጠኝ ለወፎቹ ወረወርኩት። ወፎቹም አልበሉትም። እናቴ የባሕር ቅጠል ሾርባ ስትቀዳለት መሐላቸው እቀመጣለሁ። «ይቺ ልጅ ምን ሆናለች?» ትላለች እናቴ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ እነዚያ የሚያብረቀርቁ ጫማዎች ዋሻው ደጅ ተደርድረው አየኋቸው። ከእናቴ መረብ ውስጥ አንድ የባሕር ጃርት መረጥኩ፤ እሾሁ ረዘም ያለውን። ግራው ጫማ ውስጥ ወሽቄ ወደ ወፎቼ ተመለስኩ።

እሪታው ከባሕሩ ማዶ ሳይሰማ አልቀረም። አቶ ናም በአንድ እግሩ እየዘለለ የባሕር ቅጠሉን በሙሉ ዞረው። እማማ ያንግ ያዙት፣ እግሩን ጭናቸው ላይ አደረጉ፣ መርፌ በእሳት አግለው እሾሁን አንድ በአንድ ይነቅሉ ጀመር። «ወንድ አይደሉም እንዴ? እኔ አምስት ወልጄ እንዲህ አልጮህኩም» እያሉ። እግሩ አብጦ ኩፍ ያለ ሊጥ መሰለ። ታንኳ ላይ መውጣት ቀርቶ ካልሲ ማድረግ አልቻለም።

«እንግዲህ በምዕራብ በኩል ያሉትን ሄጄ ላያቸው አልችልም» አለ ሊያለቅስ ምንም ሳይቀረው። «ጀልባዋ ነገ ትመጣለች። የእናንተን ቃል ከመቀበል በቀር ምን አደርጋለሁ?»

ሴቶቹ ተያዩ። እኔ ጃርቱን ማን እንደከተተው ሊያውቁብኝ ነው ብዬ ፊቴን ወደ ወፎቹ አዞርኩ። እነሱ ግን ስለ እኔ አላሰቡም። እማማ ያንግ መርፌውን አስቀመጡና «ይጠይቁና ይጻፉ፤ ዛሬ አእምሯችን ተከፍቷል» አሉ።

እውነትም ተከፈተ። ከሰዓት በኋላ ለየብቻ ሲጠይቃቸው መልሳቸው ሁሉ ገጠመ፤ ትክክለኛውን ስም ከዳር እስከ ዳር ዘረዘሩለት። ያን ሁሉ ጓዳቸውን የከፈቱለት ለአንዲት ስም ብለው እንደሆነ ሳውቅ እኔ ራሴ እናት ሆኛለሁ። አንዱ ስም ብቻውን ቢገጥም ይነቃብን ነበር፤ ከእውነተኞቹ መሐል ካልተሸጎጠ አይሆንም። እማማ ያንግ የሃምሳ ዓመት ጓዳቸውን ለእናቴ ሲሉ ነው ያወጡት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ዓይኔ እንባ ያቀርራል።

ያኔ ግን ያየሁት ሴቶቹ እየተሳሳቁ ሲገቡና ሲወጡ ነው። ኪልጃ ምስክርነቷን ሰጥታ ስትመጣ እናቴን አቅፋ «የቦክሂ እናት፣ ቀናሽ! ሦስተኛዋ እኔ ነኝ!» አለቻት። እናቴ ፊቷን በቀሚሷ ሸፍና አለቀሰች። በደስታ እንደምታለቅስ ታየኝ። እናቴን በገዛ እጄ ዳርኳት፤ እግሩ ባያብጥ ኖሮ ታንኳ ላይ ይውል ነበር ብዬ ራሴን ረገምኩ።

በማግስቱ ጀልባዋ መጣች። አቶ ናም ወረቀቱን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዘርግቶ አራት ማዕዘኑን በቀንድ አውጣ ቅርፊት አስያዘ። ስሞቹን ለመጨረሻ ጊዜ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሴቶቹ «አዎ» ካሉ በእርሳሱ ላይ በቀለም ይደግመዋል። እኔ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ሆኜ ስሙ የሚጠራበትን ቅጽበት እጠብቃለሁ። የራሱን ስም ሲያነብ ምን እንደምል አስቤያለሁ። «አልፈልግም» ነው የምለው።

«በስተምዕራብ፣ ለብቻው የቆመው ጥቁር ድንጋይ» አለ። «የዱሶክ ዓለት።»

«አዎ!» አሉ ሴቶቹ፣ ትንሽ ፈጠን ብለው።

ጆሮዬን አላመንኩም። ያሰብኩት ሁሉ ከአፌ ጠፋ። «ዱሶክ የአባቴ ስም ነው!» ብዬ ጮህኩ።

 ኪልጃ አፏን በእጇ ያዘች። አቶ ናም ብዕሩን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ።

«እማማ ያንግ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይህ ስም ከጥንት የመጣ ነው ብለውኛል።»

«ብያለሁ» አሉ እማማ ያንግ ባሕሩን እያዩ።

ብዕሩን አስቀመጠና ላጲሱን አነሳ። እናቴ አልለመነችውም፣ እጁንም አልያዘችም። «ጀልባው እዚያ ጋ ነው የተገለበጠችው፤ መቃብር የለውም» አለች ብቻ። «ልጄ የምትሰግድበት የላትም፣ ጌታዬ።»

አቶ ናም ላጲሱን እንደያዘ አያት፣ ከዚያ እኔን አየኝ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ሲወለውል፣ ሲወለውል ቆየ። ከጀልባዋ ላይ ካፒቴኑ «ኧረ ነፋሱ እየመጣ ነው!» ብሎ ተጣራ።

«ቦክሂ፣ ነይ እስቲ» አለኝ። ሄድኩ። «አባትሽ ስሙን ከየት እንዳመጣው ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ከዚህ ዓለት ነዋ! አያትሽ አጥማጅ አልነበሩም? ይህ ዓለት ማዕበል ሲመታው አይነቃነቅም። ልጄም እንዲህ ይሁን ብለው በስሙ ጠሩት። ዓለቱ ነው የሚቀድመው።» ከዚያ ቀና ብሎ ሴቶቹን ጠየቀ። «እንዲህ አይደለም እንዴ?»

«እንዲህ ነው!» አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ፤ እማማ ያንግማ መሬቱን በእግራቸው መቱት።

ላጲሱን ኪሱ ከተተ። ብዕሩን አጠቀሰና ስሙን በቀለም ጻፈው፤ ከሌሎቹ ሁሉ ቀስ ብሎ፣ አሳምሮ። ያላየውን ድንጋይ የጻፈው ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል። እናቴ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችው። እኔም ጎንበስ አልኩ፤ ስለ ጃርቱ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

እናቴ ሳታገባው ሄደ። እያነከሰ ጀልባዋ ላይ ሲወጣ አንጀቴን በላው፤ እንዲያውም ከረሜላውን ለወፎቹ መጣሌ ቆጨኝ። ከሁሉ በላይ ግን ኮራሁ። በዚያ ዓመት የሣር ቀን ሲያልፍ ክፍል ውስጥ ቆሜ ለፈፍኩት። «የእናንተ አያቶች ያላቸው የአፈር ጉብታ ነው። የእኔ አባት ዓለት አለው! ስሙንም ያወረሰው ዓለቱ ነው። ካርታ ላይ ስላለ ሄዳችሁ እዩ!» ያ ጣቱን በጨርቅ ያሰረው ልጅ እጁን ወደ ኋላው ደበቀ።

ይህንንም እውነት ነው ብዬ አደግኩ፣ አገባሁ። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ለባሌ ቤተሰቦች «እኛ ቤት ወንድ በዓለት ስም ነው የሚጠራው» ስላቸው እናቴ ሾርባዬን ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር። ሳቋን መያዝ አልቻለችም፣ ሾርባው ምንጣፉ ላይ ተደፋ። «ሞኜ!» አለችኝ እንባዋን እየጠረገች። «ዓለት ሰው ሲሰይም የት አይተሻል? አያትሽ እኮ ያን ዓለት አይተውትም አያውቁም።» ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ የነገረችኝ ያን ቀን ነው።

ወደ ዓለቶቹ መሄድ ከቀረ ስንት ዘመን ሆነው። የሁለቱ አገሮች ጠብ እየከረረ ሲሄድ ጠባቂ ቆመባቸው፤ ጠላቂዎቹም አረጁ፣ እማማ ያንግም አረፉ። ባለፈው ዓመት ሴኡል ያለው ልጄ ስልክ ደወለ። «እማዬ፣ የድሮ ካርታዎች እያሳዩ ነው፤ አያቴን ይዘሻት ነይ» አለኝ። እናቴ ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷ እምቢ ብሏታል። ወሩ የትኛው እንደሆነ ስነግራት ግን ብድግ ብላ ነጭ ልብሷን አወጣች። ስምንተኛው ወር ነበር።

አዳራሹ በሰው ጢም ብሏል። የአቶ ናም ካርታ መሐል ላይ፣ መስታወት ሥር፣ በመብራት ደምቆ ተቀምጧል። አንድ ወጣት መምህር እያስረዳ ነው። «ይህን የዱሶክ ዓለት የሚለውን ስም ልብ በሉልኝ። አባቶቻችን ከጥንት ጀምሮ በእነዚህ ዓለቶች ሲጠቀሙ እንደኖሩ የሚያሳይ ጥንታዊ ስም ነው። እንዲያውም ጃፓኖቹ ራሳቸው በኋላ ባሳተሙት ካርታ ላይ ሳይታወቃቸው ገልብጠውታል!»

እናቴ ክርኔን ጨመቀችው። «ልጄ» አለችው መምህሩን፣ «እነሱም ጽፈውታል?»

«አዎ እማማ፣ ጽፈውታል።»

«እሰይ! ጎሽ!» አለች። መምህሩ ግራ ገባው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ሁለት መንግሥት የሚጠብቀው መቃብር ያለው ማን አለ?» አለችኝ። «ይጣሉ፤ እንደተጣሉ ይቆዩልኝ። ጠቡ እስካለ ካርታውን አይጥሉትም።»

«እማዬ፣ ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል!»

አልሰማችኝም። ከቦርሳዋ ከጓሯችን የቀጠፈችውን መንደሪን አውጥታ መስታወቱ ፊት አስቀመጠች። ከዚያ በዚያ እምቢተኛ ጉልበቷ ተንበርክካ በግንባሯ ተደፋች፤ ተነሥታም ደገመች።  ጥበቃው ሊከለክላት መጥቶ ቆቡን አውልቆ ቆመ። አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ፣ ሁሉም ተከተለ። «ምን ዓይነት የአገር ፍቅር ነው!» አለች ከኋላዬ አንዲት ሴት እያለቀሰች። እኔ እየሳቅኩ ነበር፣ እያለቀስኩም ነበር።

ጭብጨባው ሲያልቅ ደግፌ አነሣኋት። ሰው ሁሉ እየተጠጋ በጣቱ የነካካው መስታወት አሻራ በአሻራ ሆኗል። እናቴ ጠጋ ብላ አየችውና ፊቷን አኮሳተረች። የነጭ ልብሷን እጅጌ እንደ ማጭድ ጨብጣ ከላይ እስከ ታች፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ ስሙ ጥርት ብሎ እስኪታይ ወለወለችው። ከዚያ ክንዷን አሳረፈችና ቦታውን ለቀቀችልኝ።

«በይ፣ አሁን አንቺ ስገጂ» አለችኝ። «ያንቺ ፈንታ ነው።»